የመንጠቆ ሳጥን ፎም በምን ይጣበቅ? ማስቲሽ፣ ሱፐር ግሉ፣ ኮላ፣ ሲሊከን

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ማስቲሽ ግዙ። ያውም በቆርቆሮ የታሸገውን ሳይሆን፣ ጫማ ሰፊው ከራሱ ጣሳ በሲኒ ቀድቶ የሚሸጥላችሁን። ከደሴ ወደ ሐይቅ ለዓሣ በወረድን ቁጥር ስለ ሳጥኔ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ሁሉም የሚመጣው ደግሞ ሱፐር ግሉውን ገዝቶ፣ ፎሙ ከተነሣበት በኋላ ነው።

ለአዲሶቹ በአጭሩ፦ ከዶሮ ላባና ከክር ዝንብ አስመስለን የምናስራቸው ትንንሽ መንጠቆዎች ኪስ ውስጥ ከተጣሉ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ላባቸውም ይጨፈለቃል። ስለዚህ ሳጥን ውስጥ ፎም ለጥፈን እዚያ እንሰካቸዋለን። ሳጥኑ ከዋንዛ ቁራጭ ወይም ከብስኩት ቆርቆሮ ይሠራል። ፎሙ ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል በምላጭ ተሰንጥቆ ይወጣል፤ ዋጋው ባዶ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አትሞክሩ፤ ውኃ ይይዛል፣ መንጠቆውንም ያዝገዋል። እንግዲህ ከኪሳችሁ የሚወጣው ገንዘብ በሙሉ ለማጣበቂያው ነው። አንድ ሣጥን ለመለጠፍ መቶ ብር የሚያወጣ ሰው ሳይ የምናደደውም ለዚህ ነው።

ዋጋውን ላስቀምጥ። በቅርቡ ስገዛ የከፈልኩትን ነው፤ ከሱቅ ሱቅ መለያየቱ አይቀርም። ጫማ ሰፊው አንዷን ሲኒ ማስቲሽ በ40 ብር ሰጠኝ፤ ሁለት ሳጥን ለጥፌባት ተረፈች። ስለዚህ ለአንድ ሳጥን 20 ብር እንኳ አልደረሰም። ትንሿ የታሸገች ቆርቆሮ 280 ብር ናት፤ ከተከፈተች በኋላ ክዳኗ በደንብ ካልተገጠመ ውስጧ ይረጋል። ጫማ ሰፊው በየቀኑ ስለሚጠቀምበት የእሱ ሁልጊዜ ትኩስ ነው። የሱፐር ግሉ ቱቦ 35 ብር ሲሆን ርካሽ ይመስላል፤ ግን የአንድን ሳጥን ታችና ክዳን ለመሸፈን ሦስት ቱቦ ይፈጃል። 105 ብር ማለት ነው! እንዲህ አስልቶ የሚገዛ ሰው ግን አላየሁም፤ ሁሉም የቱቦዋን ዋጋ ብቻ ያያል።

ዋጋው እኩል ቢሆን እንኳ ሱፐር ግሉ አልመርጥም። መንጠቆ ከፎም ስትነቅሉ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። የመንጠቆው ሹል ጫፍ ፎሙን ይዞ ወደ ላይ ይስባል፤ ፎሙ ለአፍታ ያብጥና ተመልሶ ይተኛል። ይህ በእያንዳንዱ መንጠቆ ይደጋገማል። ማጣበቂያው አብሮ መለጠጥ ካልቻለ ከጠርዝ ጀምሮ ይለቃል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። ማስቲሽ ደርቆም ጎማነቱን አይለቅም። ጫማ ሰፊው ሶል የሚለጥፈው በሱ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ሶል ቀኑን ሙሉ ሲታጠፍ ይውላላ።

ሱፐር ግሉ ሌላም ጣጣ አለበት። ሲደርቅ የሚወጣው ትነት በዙሪያው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ክዳናችሁ በውስጡ የሚያሳይ ፕላስቲክ ከሆነ ይደበዝዛል። ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ ደርባችሁም አትሥሩበት፤ ጥጥ ላይ ከፈሰሰ ይግላል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ከሁሉም የሚያስመርረው ግን አስመስሎ የተሠራው ነው። እዚሁ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ የገዛናቸው ቱቦዎች ግማሾቹ ከውስጥ ደርቀው፣ ግማሾቹ በአየር ተሞልተው ተገኝተዋል። ስትገዙ ቱቦዋን በጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁ፤ ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ ካልሰማችሁ መልሱ። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ማስቲሽም ቢሆን ከማጭበርበር አላመለጠም። ቤንዚን ወይም ቲነር የሚጨምሩበት ሻጮች አሉ። ቀጭን ሆኖ በብሩሽ ሲቀባ ያምራል፤ የሚይዝ ነገር ግን የለውም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጠብታውን በሁለት ጣቶቻችሁ መሃል አሹትና ትንሽ ጠብቃችሁ ጣቶቻችሁን አለያዩ። ክር ክር እያለ መሳብ አለበት። ውኃ ውኃ ካለና ጣታችሁ ላይ እንደ ዘይት ካንሸራተተ ገንዘባችሁን አትስጡ። ከጫማ ሰፊ የመግዛት ሌላው ጥቅምም ይኸው ነው፤ በቀጠነ ማስቲሽ ሶል ቢለጥፍ ደንበኛው ጫማውን ይዞ ይመለስበታል።

የቀሩትን በፍጥነት እንለፋቸው። ነጩ የእንጨት ኮላ ርካሽ ነው፤ ግን የሚደርቀው በውስጡ ያለው ውኃ ሲወጣ ነው። በቆርቆሮና በፎም መሃል ውኃው መውጫ ስለሌለው ሰንብቶም እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ደርቆም ቢሆን እርጥብ መንጠቆ ሲመላለስበት ይላላል። አንድ ቦታ ብቻ ያሸንፋል፦ ፎማችሁ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣው ነጩ፣ እንክብል እንክብሉ ከሆነ። ያንን ፎም ማስቲሽ ያቀልጠዋል፣ ሱፐር ግሉም ይበላዋል፤ በእንጨት ሳጥን ላይ ከሆነ ኮላ ያዋጣል። ባለ ሁለት ቱቦው ኢፖክሲ 320 ብር አውጥታችሁበት እንደ ሱፐር ግሉ የማይታጠፍ ነው፤ ለሳጥኑ ክዳን ማጠፊያ ጥገና ይሁን። በሙቀት የሚቀልጠው ሙጫ ወፍራም ስለሆነ ፎሙን ጎርባጣ ያደርገዋል።

ሲሊከን ብቻ የማስቲሽ እውነተኛ ተፎካካሪ ነው። ይለጠጣል፣ ውኃም አይፈራም። ነገር ግን ቱቦው 450 ብር ነው፤ ያን ሁሉ የሚጨርስ ሳጥን የለንም፣ የተረፈውም ቱቦው ጫፍ ላይ ይደርቃል። መስኮት የሚያስገጥም ጎረቤት ካላችሁ ትራፊውን ለምኑ። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ከሆነ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ መንጠቆ አታስገቡበት፤ ያ ትነት አሲድ ነው፣ ብረት ያዝጋል።

ማስቲሹ እንዲይዝ ከፈለጋችሁ አትቸኩሉ። እንጨቱንም ቆርቆሮውንም በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ አቧራውን ጥረጉ። ከዚያ ሳጥኑንም ፎሙንም፣ ሁለቱንም፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ደሴ በክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ስለሆነች ያነሰ ይበቃል። በጣታችሁ ስትነኩት ጣት ላይ ካልቀረ ደርሷል። ሲነካካ ወዲያው ስለሚይዝ ማስተካከል አይቻልም፤ ስለዚህ ፎሙን ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ እያስተኛችሁ ሂዱ፣ በመጨረሻም በጠርሙስ ጎን ደህና አድርጋችሁ ዳምጡት። ሰም ሰም የሚል ፕላስቲክ ሳጥን ላይ ግን ማስቲሽም አይረዳችሁም፤ ሳጥኑን ቀይሩ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ሳጥንም ጠርዙ ሊላላ ይችላል፤ ሲቀዘቅዝ መልሳችሁ ተጫኑት።

የማስቲሽ ትነት ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል። ቡና በሚፈላበት ክፍል፣ ከሰል ባለበት፣ ፈጽሞ አትክፈቱት። ደጅ ላይ ሥሩ፣ የተረፈችውን ሲኒም ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ፤ ሲኒዋን ግን ለቡና መልሳችሁ አታቅርቧት።