ለደሴ ሰው፦ አሮጌ ራቭ ፎር ወይስ አይዲ ፎር?

ደሴ ፒያሳ ላይ መንዳት ማለት ከባጃጅ ጋር መጋፋት ነው። ቆም፣ ሄድ፣ ቆም። እዚህ ላይ ኤሌክትሪኩ ቮልስዋገን አይዲ ፎር ያለ ክርክር ይሻላል። ቆሞ ነዳጅ አይጨርስም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ግድም ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው የነዳጁ ቶዮታ ራቭ ፎር ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪኩን ግን ከፍታ አያደክመውም።

የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ራቭ ፎርን በከባድ ማርሽ ካልያዛችሁት ፍሬኑ ይግላል። አይዲ ፎር ቁልቁለቱን ባትሪ መሙያ ያደርገዋል። (ስትመለሱ ዳገቱ ከነወለዱ ያስከፍላችኋል!)

አዲስ አበባ ስትሄዱ ነገሩ ይቀየራል። 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚያ ላይ የጣርማ በር አቀበት አለ። ትልቁ ባትሪ ያለው አይዲ ፎር በፋብሪካው ወረቀት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለተራራ ግን ወረቀቱን አትመኑ። ራቭ ፎር ነዳጅ ካገኘ በደቂቃዎች ሞልቶ ይቀጥላል። መካኒኩም በየከተማው አለ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ራቭ ፎር የሚገኘው በአብዛኛው አገር ውስጥ ያገለገለ ነው። እኔ ቻርጅ የማደርግበት ግቢ ቢኖረኝ አይዲ ፎር እገዛ ነበር። የምኖረው ግን ኪራይ ቤት ነው፤ ራቭ ፎሬን እንደያዝኩ አለሁ።