ለልጄ ቲቸር ምስጋናዬ ይድረሳት፤ እናንተም ትምህርት ቤታችሁ ጥሯት

ዝም ብዬ ባልፍ ኅሊናዬ አይለቀኝም፣ ስለዚህ ልጻፈው። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለምትመሩ፣ ለምታስተምሩ፣ ወይም ልጄን የት ላስገባው ብላችሁ ለተጨነቃችሁ ሁሉ ነው።

ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት አንዲት የመንፈሳዊ አገልግሎት አስተባባሪ አለች። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል፣ እኔም ቲቸር ነው የምላት፣ በዕድሜ ግን ታናሼ ናት። መነኩሲት አይደለችም። ባል ያላት፣ ልጆች የምታሳድግ ምእመን ናት። ወረቀት ላይ ሥራዋ ቅዳሴ ማዘጋጀትና የሃይማኖት ትምህርት ማስተባበር ነው። በተግባር ግን የግቢው ጠባይ ራሱ የእሷ ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ለእሷ አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ።

ግን የእሷ ነገር እንዲገባችሁ መጀመሪያ ምሬቴን ላውጣ።

ልጄ ቀደም ሲል የተማረባቸውን ትምህርት ቤቶች ስም አልጠራም። ጠርቼስ ምን ላተርፍ። የመጀመሪያው በሩ ላይ ትልቅ መስቀል አለው። ኮሪደሩ ላይ የእመቤታችን ሐውልት አለች፣ አበባ አይለያትም። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ «አባታችን ሆይ» ይባላል። «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ያለ አፍ ሳይደርቅ አንድ ሰው ማይክሮፎኑን ይቀበልና ክፍያ ያላጠናቀቁ ልጆችን ስም ያነባል። ስሙ የተጠራ ልጅ ከሰልፍ ወጥቶ ለብቻው ይቆማል። የቀረው ያየዋል። በዚያን ጊዜ ሥራ አጥቼ ነበር፣ ልጄም ከተጠሩት አንዱ ሆነ። እሱ ምን አጠፋ? ዕዳው የኔ ነው። ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ሰውየው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ደንቡ ነው» አለኝ። እንደዚያ አድርጎ ደንብ! ልጄ ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ።

ሁለተኛው ደግሞ ስም ያለው ነው። ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ መምህራኑም የተማሩ። ልጄ ይንተባተባል፣ ይህን ልንገራችሁ። በተለይ ሰው ሲያየው ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ጳጳስ የሚመጡበት በዓል ነበርና ንባብ ደርሶት ቤት ውስጥ ሲለማመድ ሰነበተ፣ እኔም ከሱ ጋር በቃሌ ያዝኩት። በዓሉ ሲቃረብ ንባቡን ለሌላ ልጅ ሰጡት። ለእኔ አንድም ሰው አልነገረኝም። ልጁ ራሱ ነው መጥቶ የነገረኝ፣ እሱም ነግሮኝ እንዳበቃ ክፍሉ ገብቶ ተኛ። ስጠይቅ «ለእሱም ብለን ነው» አሉኝ። «እንግዳ ፊት እንዳይሸማቀቅ»። ይህቺ «ለእሱም ብለን ነው» የምትባል ነገር እስከ ዛሬ አንጀቴን ታሳርረዋለች። ለእሱ ቢሆንማ እሱን ትጠይቁት ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክመን ነው አሁን ያለንበት ትምህርት ቤት የመጣነው። ልጄም እኔም ጠርጣራ ሆነናል። ለምዝገባ ስንሄድ ቲቸር መጣችና እኔን ሰላም ብላ ወዲያው ወደ ልጁ ዞረች። «ምን ማድረግ ትወዳለህ?» አለችው። እኔ እንደ ልማዴ ልመልስለት አፌን ስከፍት በእጇ ምልክት አሳየችኝ፣ ቆይ እንደማለት። ጠበቀችው። መሳል ነው ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጀበት፣ እሷ ግን ፊቷ አልተለወጠም፣ ቃሉን አልቀማችውም፣ «እ… መሳል?» ብላም አልጨረሰችለትም። ይህን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ የሚንተባተብ ልጅ ያለው ወላጅ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የትምህርት ቤቱ ቅዳሴ ላይ የምእመናን ጸሎት የሚያነቡት ተማሪዎች ናቸው። ልጄን «ታነባለህ ወይ?» ብላ ጠየቀችው፣ አዎ አለ። እኔ በሰማሁ ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደውዬ ተዪው ልላት ስልኩን አንስቼ አስቀምጫለሁ። ቀኑ ደረሰ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አባ ስብከታቸውን ጨረሱ፣ ልጆቹ ተሰለፉ፣ የመጀመሪያዋ ልጅ አነበበች፣ ሁለተኛውም አነበበ። ልጄ ደረሰ። «ለታመሙ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆመ። ለ… ለ… ለ… ወረቀቱ እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ሆኜ ይታየኛል። አንድ ሁለት ትንንሽ ልጆች ዞር ዞር ማለት ጀመሩ። እኔ ልነሳ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ሮጬ ላወርደው ነው።

ቲቸር ጎኑ ቆማለች። ወረቀቱን አልወሰደችበትም። ጀርባውን መታ መታ አላደረገችም። «አይዞህ» እንኳ አላለችውም። ዓይኗን ጨፍና ራሷን ዝቅ አደረገች፣ ልክ የሚጸልይ ሰው እንደሚያደርገው። የክፍል ጓደኞቹ ደግሞ አንድ ላይ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። ቤቱ በሙሉ ስለ ታማሚዎች የሚጸልይ ሆነ፣ ልጄን የሚያፈጥ ዓይን ጠፋ። የሚያየው ሰው ሲያጣ ቃሉ ወጣለት። እስከ መጨረሻው አነበበ። «አቤቱ ስማን» ሲባል የኔ ድምፅ ነው ከሁሉም የጮኸው።

ከቅዳሴ በኋላ ይዣት ለቅሶ ጀመርኩ። እንዴት አድርገሽ ነው ልጄን ያዘጋጀሽው አልኳት። «እሱን አይደለም ያዘጋጀሁት፣ ክፍሉን ነው» አለችኝ። ለካ አስቀድማ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተነጋግራለች፣ እሱም ባለበት፣ እሱም ፈቅዶ። ጓደኛችሁ ቃሉ ላይ ሲቆም እናንተ እንድትጸልዩ ጊዜ እየሰጣችሁ ነው ብላቸዋለች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ያገኘኋቸው መምህራን በሙሉ ልጄን ሊያስተካክሉት ነበር የሚሞክሩት። እሷ ግን የሚሰሙትን አስተካከለች።

ይህን ከየት እንደተማረችው ስጠይቃት ስለ ዶን ቦስኮ የመከላከል ዘዴ ብዙ አስረዳችኝ። ግማሹ አልገባኝም፣ አልዋሽም። የገባኝን ልንገራችሁ። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ቱሪን ከተማ የተጣሉ ልጆችን ሰብስቦ ያሳደገ ካህን ነው። ልጅ ካጠፋ በኋላ ከመቅጣት ይልቅ አስቀድሞ ከልጆቹ መሃል መገኘት ይሻላል ይላል፣ ዘዴውንም በማስረዳት፣ በሃይማኖትና በፍቅር ላይ ነው ያቆመው። በ1884 ከሮም በጻፈው ደብዳቤ ላይ ልጆች መወደዳቸው ብቻ አይበቃም፣ መወደዳቸውን ራሳቸው ማወቅ አለባቸው የሚል ሐሳብ አለ። ቲቸር ይህን ስትነግረኝ የድሮው ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። እነሱም እኮ ይወዱት ይሆናል። ልጄ ግን በምን ይወቅ?

ሌላም አለ። በዚህ ትምህርት ቤት ክፍያ የዘገየበት ወላጅ ራሱ በስልክ ይጠራል፣ ልጁ ምንም አይሰማም። ይህን ያስያዘችው እሷ ናት። በወላጆች ስብሰባ ላይ ነገሩ ሲነሳ አንዳንዱ አጉረመረመ፣ እኛ በጊዜ እየከፈልን ለምን የሚል ነገር። እሷ አልተቆጣችም። ከቫቲካን የካቶሊክ ትምህርት ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1977 የወጣ ሰነድ ይዛ መጣችና ቤተ ክርስቲያን የትምህርት አገልግሎቷን ከሁሉ አስቀድማ የምታቀርበው ለድሆች፣ የቤተሰብ ፍቅርና እርዳታ ለተነፈጋቸው፣ ከእምነት ለራቁ እንደሆነ አነበበችልን። የመምህራን ጠባቂ የሚባለው ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል እንኳ ከሀብታም ቤት ተወልዶ ሀብቱን በረሃብ ዘመን ለድሆች አከፋፍሎ እንደጨረሰ ጨመረችበት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ «ማንም ዕዳ አይሰረዝለትም፣ ልጅ ግን ዕዳ ሰብሳቢ አይሆንም» አለች። ሒሳብ ክፍሉም ተቀበለው። አንዲት ሰው ናት፣ ግን እዩት!

ሰባቱን የምሕረት ሥራዎችስ ብትሉ? እኛ በልጅነታችን በቃል አጥንተን ፈተና ላይ ጽፈን የረሳናቸውን፣ እሷ ለየክፍሉ አከፋፍላ ነው የምታሠራቸው። አንዱ ክፍል የተራበ ማብላት፣ አንዱ የታመመ መጠየቅ፣ እንደዚህ እያለ። የልጄ ክፍል የሞተ መቅበር ደረሰው። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ቤት ውስጥ ሲነግረኝ ሳቅኩ። ስድስቱ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ናቸው፣ ይህቺ ሰባተኛዋ ግን ከመጽሐፈ ጦቢት የመጣች ናት ብላ አስተምራቸዋለች። ምን ሊሠሩ ነው እያልን ስንጠብቅ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ እናት ሞቱ። ክፍሉ ተራው ነውና ቲቸር ወላጆችን አስፈቅዳ ቀብር ወሰደቻቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጆቹን ዩኒፎርም ለብሰው ስታያቸው እንዴት እንደሆነች ልጄ እየተንተባተበ ነገረኝ፣ ነገሩንም እስኪጨርስ ምሳው ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ በስሟ ነው የሚጠሯት። ወረቀትም መሬት ላይ የሚጥል ቀንሷል አሉ።

የሌላ እምነት ልጆች ያሏችሁም አትፍሩ። የጎረቤቴ ልጅ ካቶሊክ አይደለችም፣ እዚያው ነው የምትማረው። እናትየው ልጄን ሊቀይሩብኝ ነው ብላ ፈርታ ነበር። ቲቸር ቁጭ አድርጋ የሃይማኖት ትምህርትና ትምህርተ ክርስቶስ አንድ እንዳልሆኑ፣ አንዱ ለማወቅ ሌላው ላመነ ሰው እምነቱን ለማሳደግ እንደሆነ አስረዳቻት። የቫቲካን ሰነዶችም የተማሪውን የኅሊና ነፃነት እንድናከብር ነው የሚያዙን ብላታለች። ቃሏንም ጠብቃለች። ልጅቷ ቅዳሴ ላይ እንድትቆርብም እንድትንበረከክም የጠየቃት የለም፣ በሽተኛ የሚጠይቀውን ቡድን የምትመራው ግን እሷ ናት።

አንድ ጉድለቷን ካልነገርኳችሁ ግን ተከፍላ ያስጻፈችኝ ይመስላችኋል። ስብሰባ ስትይዝ ሰዓት አታውቅም። በጭራሽ! ጸሎት መክፈቻውም ይረዝማል፣ መዝጊያውም ይረዝማል፣ መሃሉ ደግሞ ጥያቄ ካላችሁ ትላለች፣ ሁሌም ጥያቄ ያለው ሰው አይጠፋም። ሥራ ያለው ሰው አስቀድሞ ይወቅ።

ደግሜ እላለሁ፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው አላየሁም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1975 የዘመኑ ሰው ከመምህራን ይልቅ ምስክሮችን ነው የሚሰማው ብለው ነበር፣ ይህንንም የነገረችኝ እሷው ናት፣ ስለራሷ ግን አይደለም፣ ስለ ጥበቃው ነው። ጥበቃው ጠዋት በር ላይ ልጆቹን በስማቸው ስለሚቀበላቸው ማለቷ ነው። ቲቸር፣ ይህን ካነበብሽው እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ልጆችሽ ይባረኩ። ልጄ ሆዴን አመመኝ ካለኝ ቆየ።

እናንተ ርእሰ መምህራን፣ ሥልጠና እየፈለጋችሁ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ፣ እሷን ጥሯት። ለሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን ሥልጠና ትሰጣለች፣ ብዙ ሰው ግን አያውቃትም። መስቀላችሁን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ከዚያ በኋላ ምን እናድርግ ለምትሉ እሷ ነገር ታውቃለች። ግቢያችሁ ጠብና ስድብ ከበዛበት ጥሯት። ልጆቻችሁ ቅዳሴ ላይ የሚያዛጉ ከሆነም ጥሯት። ደግሞ መምህራኑን ብቻ ሰብስባችሁ እንዳትጠብቋት። ጥበቃዎቹን፣ የጽዳት ሠራተኞቹን፣ ሒሳብ ክፍሉን፣ ሾፌር ካላችሁ ሾፌሩን ጭምር አዳራሽ አስገቡ፣ እነሱ ካልገቡ አትጀምርም፣ ወንበርም ቀድማችሁ ቁጠሩ።