ሲጃራን እንደገና ለመተው፦ በአንዴ ወይስ በመቀነስ?

ለወራት ሳታጨስ ቆይተህ ቅዳሜ በርጫ ላይ አገረሸብህ። ይሁን፣ ብዙ ሰው ደጋግሞ ሞክሮ ነው የሚተወው። ጥያቄው አሁን በየትኛው መንገድ ትተወዋለህ ነው።

መቀነስ ለጆሮ ይጥማል። ድሬ ላይ ግን ጣጣ አለው። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብትል እንኳ ሱቅ በደረቴው ይደርስብሃል፤ በነጠላ ይሸጥልሃል፣ ክብሪቱንም ራሱ ይጭርልሃል። «ዛሬ አራት ብቻ» ያልከው ምርቃና ሲመጣ ቆጠራው ይጠፋብሃል። የማቆሚያ ቀን ቆርጠህ ከጠበቅከው ግን ያስኬዳል።

በአንዴ መተው መጀመሪያው ይመራል። የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ከባድ ናቸው፤ ትነጫነጫለህ፣ እንቅልፍም እምቢ ይላል። ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። አምሮቱም ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከእንግሊዝ አገር በወጣ ጥናት፣ ከ4 ሳምንት በኋላ በአንዴ እንዲተዉ ከተመደቡት 49 በመቶው፣ እየቀነሱ እንዲተዉ ከተመደቡት ደግሞ 39 በመቶው ሳያጨሱ ቆይተዋል። ሁለቱም ወገኖች የኒኮቲን ምትክ (እንደ ፕላስተርና ማስቲካ ያለ) ይሰጣቸው ነበር፤ እሱን ሐኪም ጠይቅ።

እኔ ላንተ በአንዴውን እመርጣለሁ ወንድሜ። ጫቱን ባትተው እንኳ ለጥቂት ሳምንት ከበርጫው ቅር። ጓደኞችህ ቢያኮርፉም ይረሱታል።