ላይብረሪው ለፕረዘንቴሽን ምን ያህል ይረዳል?

ደብረ ብርሃንም ሆነ ፍቼ ለሚማር ተማሪ ላይብረሪ ማለት በአብዛኛው የፈተና ሰሞን የሚጨናነቅ የንባብ ቦታ ነው። ፕረዘንቴሽን ሲመጣ ግን ጉግል ላይ ቀድሞ የወጣው ተገልብጦ ስላይድ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ሥራ ላይብረሪው ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል፤ አንዱን የሚያስቀንሱት ኮምፒውተሮቹ ናቸው።

ከሁሉም የሚበልጠው ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ነው። ለኢትዮጵያ ተቋማት በነጻ የተፈቀደ ሲሆን በውስጡ ካሉት ክፍሎች ሂናሪ ለጤና፣ አጎራ ለግብርና ያገለግላል። ዝም ብሎ የገባ ሰው የብዙውን ጽሑፍ አጭር መግለጫ ብቻ ያያል፤ ሙሉውን የሚከፍተው ተቋሙ የተሰጠው የይለፍ ቃል ነው። የዲጂታል ክፍሉን ባለሙያ ሄዶ መጠየቅ ነው እንጂ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይገኝም።

ስለ አካባቢው ለሚያቀርብ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችት ይሻላል። መጠይቁና ዝርዝር ሠንጠረዡ ከኋላ በአባሪነት ይገኛል፤ ጆርናል ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። አፈላለጉ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የቦታ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት አይጻፍም፤ የመንዙን የሣር ምድር ጓሳን በአንድ ‹ኤስ›ም በሁለትም፣ ሸዋን ‹ሾአ› ብሎም መሞከር ነው። ‹መንዝ ጓሳ› ብቻ ከተባለ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይግተለተላል። ‹ቄሮ› ሲጨመርበት በዚሁ ስም የሚጠራው፣ ሕዝቡ ሣሩን አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ከልሎ የሚጠብቅበት ሥርዓት፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላም ለምን እንደፈረሰ ይመጣል። ለክፍል የሚቀርብ ጉዳይ እንዲህ ያለው ነው።

የስታቲስቲክስ ሪፖርቶች መደርደሪያም መልካም ነው፤ ወጥመዱ ዘመን አቆጣጠሩ ነው። የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በአውሮፓ አቆጣጠር 2007 መሆኑ ተዘንግቶ፣ አንድ ግራፍ ላይ ከፈረንጆቹ 1999 ጎን ሲቀመጥ የ8 ዓመት ስህተት ይፈጠራል። ጠያቂ መምህር ደግሞ ይህችን አያልፋትም።

ከጥናት የተገኘ ባለ 12 ዓምድ ሠንጠረዥ ፎቶ ተነሥቶ ቢለጠፍ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ማንም አያነበውም። ለነጥቡ የሚያስፈልጉትን ሁለት ዓምዶች መርጦ ኤክሴል ላይ ግራፍ መሥራት፣ ከሥሩም የአጥኚውን ስምና ዓመት መጻፍ ይበቃል። ለ10 ደቂቃ 8 ስላይድ አያንስም፤ ፊደሉም ከ24 ባይወርድ ጥሩ ነው።

ስለ መድረክ አነጋገር የተጻፉት ዲዊ በሚባለው የላይብረሪ መጻሕፍት አመዳደብ ቁጥር 808.5 ላይ ናቸው፤ አጀማመርን የሚመለከተውን ምዕራፍ ማየት በቂ ነው።

ስለ ኮምፒውተሮቹ፦ ብዙ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን ቫይረስ አያጣም፤ ፋይሉ ሾርትከት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ኢሜይል ላይ ይቀመጥ። በቆየው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ አማርኛ ደግሞ ፎንቱ በሌለበት የአዳራሽ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። በዩኒኮድ መጻፍ፣ ከዚያም ፒዲኤፍ ቅጂ መያዝ ያድናል።