ቴፑን ሳይቀይሩ አምፕሊፋየር ማስገጠም፦ ደሴ ላይ ያገኘሁት ባለሙያ

ደሴ ላይ ጥሩ የመኪና ድምፅ ባለሙያ አለ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ዕቃውን በሻንጣ ይዞ «አዲስ አበባ ካላስገጠምኩት አላምንም» ሲል ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። ለዚህ ብሎ 400 ኪሎ ሜትር መንዳት አያስፈልግም። እኔ የሄድኩበት ቤት ከፒያሳ ብዙም አይርቅም። ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና እንኳ ጎን ለጎን አያስገባም። ሥራው ግን ሸጋ ነው።

መኪናዋ የወንድሜ ኮሮላ ናት። ቴፑ ከፋብሪካ የመጣው ነው። የኋላ ካሜራውም መሪው ላይ ያሉት ቁልፎችም ከሱ ጋር ስለተያያዙ ወንድሜ እንዲቀየር አልፈለገም። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ከሲያትል ይዤለት የመጣሁት ባለ አራት ቻናል (ለአራት እስፒከር የሚሆን) አምፕሊፋየር፣ ማለትም የድምፅ ማጉያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው ሌላ ቤት ነበር። ቴፑን ቀና ብሎ ሳያየው «የፋብሪካ ቴፕ አምፕሊፋየር አይቀበልም፣ ይሄን አውጥታችሁ አንድሮይድ አስገቡ» አለን። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የፋብሪካ ቴፕ ጀርባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የአርሲኤ መውጫ፣ ማለትም ድምፁን ወደ አምፕሊፋየር የሚወስደው ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አይኖረውም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ድምፁን ከእስፒከሩ ሽቦ ላይ መውሰድ ይቻላል። ብዙ አምፕሊፋየሮች ለዚሁ የተሠራ መግቢያ አላቸው። ለሌላቸው ደግሞ መሀል ላይ የሚገባ ትንሽ መቀየሪያ ሣጥን አለ።

ሁለተኛው ባለሙያ ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት ቴስተር አነሳ። የወደድኩት ያኔ ነው። ቴፑን ከፍቶ የእስፒከሩን አንዱን ሽቦ ነካ፣ ሌላውን ጫፍ ቦዲው ላይ አደረገ። 6 ቮልት ገደማ አሳየ። ሁለተኛውን ሽቦ ነካ፤ እሱም ያው። «አየህ ጋሼ፣ ሁለቱም ኃይል አላቸው። አንዱን ከቦዲ ጋር ያገናኘ ሰው ቴፑን ያቃጥለዋል» አለኝ። አዳዲሶቹ የፋብሪካ ቴፖች አሠራራቸው ይህ ነው፤ ኔጌቲቭ የምንለው የእስፒከር ሽቦ ቦዲ ላይ የሚታሰር ኔጌቲቭ አይደለም። ሲያትል የማውቃቸው ሱቆች ሥራው ላይ አጠገባቸው አያስቆሙህም። እዚህ ግን ልጁ እየሠራ ያስረዳል።

የበሩን እስፒከር ሲያወጣ የሽቦዎቹ ቀለም ስላላሳመነው አንዲት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ከኪሱ አውጥቶ በሁለት ቀጭን ሽቦ ነካ አደረጋት። የእስፒከሩ ወረቀት ቱፍ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። «ወደ ውጭ ከገፋ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው የእስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው።» አራቱንም እንዲህ አረጋገጠ። አንዱ ተገልብጦ ቢገጠም ድምፁ ይወጣል፤ ቤዙ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ሰውም እስፒከሩ ደካማ ነው ብሎ ሌላ ይገዛል።

ከባትሪው የሚነሳው ወፍራም ሽቦ ላይ ግን ሁላችሁም ዓይናችሁን ጣሉ። ፊውዙ መቀመጥ ያለበት ከባትሪው አጠገብ ነው፤ ከ45 ሴንቲ ሜትር ባይርቅ ይመረጣል። ብዙ ቦታ አምፕሊፋየሩ ጋ ያደርጉታል፤ ለሽቦው ግን እዚያ ምንም አይጠቅመውም። ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ጋቢና በሚያልፍበት ቀዳዳ በብረት ተበልቶ ቦዲ ቢነካ የባትሪው ኃይል በሙሉ በዚያ ይወጣል። መኪና የሚያቃጥለው ይህ ነው። ልጁ ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት አስገብቶ፣ ሽቦውን በግራ በኩል፣ የድምፁን ሽቦ በቀኝ በኩል አሳለፈ። የአምፕሊፋየሩን ኔጌቲቭ ለማሰር ደግሞ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ጠርጎ፣ በቡሎን አጠበቀው። ቀለም ላይ የታሰረ ኔጌቲቭ ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር በእስፒከሩ ውስጥ የዲናሞ ፉጨት ያመጣብሃል።

ወንድሜ ከዚህ በፊት ሌላ መኪናው ላይ አምፕሊፋየር ሲያስገጥም ማብሪያዋን ቀጭን ሽቦ ቀጥታ ባትሪው ላይ አስረውበት ስለነበር አምፕሊፋየሩ ሳይጠፋ እያደረ ጠዋት ጠዋት መኪናው አልነሳ ይል ነበር። አሁን ከቁልፉ ጋር አብሮ የሚበራና የሚጠፋ መስመር በቴስተር ተፈልጎ ተገኘ።

መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ስታኞ የሚያቀልጥበት ስለሌለ ወንድሜ «ጠምዝዘህ በናስትሮ ጠቅልለው፣ ይበቃል» አለው። «አብሽር፣ ይመጣል። በናስትሮ ብቻ ከሄደ ሐረጎ ላይ ይላላል» ብሎ እጁን ጠረገ። ሐረጎ በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለው ዳገት ነው። ማዶ ካለችው ካፌ ማኪያቶ ጠጥተን ጠበቅን። ይህን ውሳኔ ከሥራው ሁሉ በላይ አከብረዋለሁ። ሌላ ደንበኛ እየጠበቀው ነበር፤ ቶሎ ጨርሶ ብሩን መቀበል ይችል ነበር።

የጌይኑን ቁልፍም፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ የሚገባለትን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን፣ በጆሮ አላስተካከለም። እስፒከሮቹን ነቅሎ የ1000 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ ከስልኩ ከፈተ፤ አምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ቴስተሩ 14 ቮልት ሲያሳይ አቆመ። 50 ዋት በ4 ኦም እስፒከር ላይ 14.1 ቮልት ነው፤ ሒሳቡን በቃሉ ያውቀዋል። ቴፕ ላይ «50 በ4» ተብሎ የሚጻፈው የቅጽበት ጉልበት ስለሆነ በተከታታይ የሚሰጠው 15 ወይም 20 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ ከአምፕሊፋየሩ 50 ዋት ጋር ያለው ልዩነት ወዲያው ይሰማል።

ሙከራውን ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን አደረግን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። አምባሰል ከፈትን፣ የማሲንቆው ፈትል ለብቻው ተሰማ። ከዚያ መንዙማ አደረግን። ድቤው ደረት ላይ ሲመታ የጭብጨባው ጥራት አልጠፋም። ወንድሜ ዝም ብሎ ይነዳል፤ ድምፁን መጨመር ትቶ ዘፈን መምረጥ ጀመረ። ሲመለሱ ሐረጎን ሲወጡ ሞተሩ ይጮሃል። ፉጨት ካለ የሚሰማው ያኔ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርገን አዳመጥን። ምንም የለም።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ዋስትናውም በቃል ነው። እዚያ ያገኘሁት ሽቦ አብዛኛው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ንጹሕ መዳብ የሆነ ወፍራም ሽቦና ጥሩ የፊውዝ ቤት ከፈለጋችሁ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አብራችሁ ይዛችሁ ኑ። የእጅ ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ተናገረ፣ ሲጨርስም አልጨመረበትም። ቁጥሩን የማልጽፈው እናንተ እስክትሄዱ ስለሚቀየር ነው። ለወንድሜም ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጥቶ የኔጌቲቩን ቡሎን እንዲያስጠብቅ ነግሮታል፤ በነጻ ነው።