ስቶኩን ማን ነካው? ለሱቅና ለመጋዘን ሦስት የፋይል ሰርቨር ምርጫዎች

ደሴ ፒያሳ ሱቅ፣ ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው ነጋዴ ኮምፒውተር ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ራምና ስለ ዲስክ ነው። ጭቅጭቅ የሚያመጣው ግን ሌላ ነው፦ ሃምሳ ካርቶን ሳሙና ከስቶክ ያጠፋው ማን ነው? መዝገቡ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች «አድሚን» የሚል ከሆነ ፕሮግራመሩ ላይ መጮህ አያዋጣም።

የስቶክ ፕሮግራሙ የሠራተኛውን ስም የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። «ጌትዩዘርኔም» የሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ኮምፒውተሩ በማን ስም እንደተከፈተ ይነግረዋል። «ደብሊውኔትጌትዩዘር» ደግሞ የኔትዎርክ ድራይቩ (በፋይል ሰርቨሩ፣ ማለትም የጋራ ፋይሎች በሚቀመጡበት ማሽን ላይ ያለው ፎልደር)፣ ለምሳሌ ዜድ፣ በማን ስም እንደተገናኘ ይመልሳል። ኮምፒውተሩ በ«ካሸር» ተከፍቶ ድራይቩ በ«መጋዘን» የተገናኘ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ይመዝገቡ። ድራይቩ ካልተገናኘ በስም ፈንታ 2250 የሚል የስህተት ቁጥር ይመጣል፤ ኮዱ ይህን ካላየ መዝገቡ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል።

ለፋይል ሰርቨር ርካሹ መንገድ የአንዱን ተራ ኮምፒውተር ፎልደር ለሌሎቹ ሼር ማድረግ ነው። ዊንዶውስ 11 በአንድ ጊዜ እስከ 20 ማሽን ስለሚያስተናግድ ለሱቅ አያንስም። ጉዱ ለሁሉም አንድ የዩዘር ስምና ፓስወርድ መታደሉ ነው፤ ያኔ የትኛውም ኮድ ቢጻፍ ለድራይቩ የሚመለሰው ያው አንድ ስም ነው። ዊንዶውስ 10 የጫነ አሮጌ ማሽን ለዚህ ሥራ አትግዙ፣ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ሁለተኛው ምርጫ ዊንዶውስ ሰርቨር ዶሜይን (የሁሉንም ሠራተኛ ስምና ፓስወርድ በአንድ ቦታ የሚይዝ አሠራር) ስላለው ሠራተኛው የትኛውም ማሽን ላይ ቢቀመጥ በአንድ ስሙ ይገባል። ኪስ ግን ይጎዳል፦ «ስታንዳርድ» የሚባለው ዕትሙ ቢያንስ የ16 ኮር (የፕሮሰሰር ክፍል) ላይሰንስ ይጠይቃል፣ በዚያ ላይ ለየተጠቃሚው ወይም ለየማሽኑ ሌላ ላይሰንስ አለ። ደግሞም የዊንዶውስ «ሆም» ዕትም የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ዶሜይን አይገቡም፤ ወደ «ፕሮ» ማሳደጊያውንም አብራችሁ አስሉ።

አሥር ኮምፒውተር ለማይሞላ ሱቅ እኔ የምመርጠው ናስ ነው፣ ማለትም ፋይል ለማስቀመጥና በኔትዎርክ ለማጋራት ብቻ የተሠራ ትንሽ ሣጥን፤ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው በቅርብ ካለ ደግሞ ሳምባ (ከሊኑክስ ማሽን ለዊንዶውስ ፎልደር የሚያጋራ ፕሮግራም) የተጫነበት ማሽን። የሳምባ ላይሰንስ ነፃ ነው። ሰርቨሩ ላይ «ኤስኤምቢስታተስ» ብላችሁ ብትጽፉ ዩዘሩን፣ የገባበትን ማሽንና የከፈተውን ሼር ያወጣላችኋል፤ ምስክርነቱ የሰርቨሩ ስለሆነ ካሸሩ ጋ ያለው ማሽን ከሚለው ይልቅ ይታመናል። ናሱ ይህንኑ በብራውዘር ያሳያል፣ ኤሌክትሪክም ብዙ ስለማይበላ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል።

የትኛውንም ብትመርጡ ፈረቃ ሲቀየር የቀድሞው ሠራተኛ ከዊንዶውሱ ሎግ አውት ያድርግ። በአንድ ሎግኢን ከአንድ ሰርቨር ጋር በሁለት ስም መገናኘት አይቻልም፤ ዊንዶውስ «ስህተት 1219» ብሎ ይመልሳችኋል። ቀሪ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ሠራተኞች በአንዱ ማሽን ላይ ተራ በተራ ገብተው አንዳንድ ዕቃ ይመዝግቡ፣ ሻጩም የሁለቱንም ስም ከመዝገቡ ላይ ያሳያችሁ።