ለበረንዳ የእንጨት ወለል ዘይት ይሻላል ወይስ ቫርኒሽ?

ዘይት እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ቫርኒሽ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይደርቃል። ሌላው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ድካም፦ ዘይት በየዓመቱ፣ ክረምት ሳይገባ ይደገማል። ወለሉን አጥቦ ሁለት ሦስት ቀን ማድረቅ፣ በስሱ መቀባት፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ያልሰረገውን በጨርቅ መጥረግ ነው። መጥረጉ ከተዘለለ ወለሉ ለሳምንታት ያጣብቃል። ለምግብ የሚጨመቀውን ጥሬ የተልባ ዘይት አትጠቀሙ፤ ቶሎ አይደርቅም፣ ሻጋታም ይስባል። ቫርኒሽ ሦስት ዙር ይቀባል፣ ከዚያ ጥቂት ዓመት ያሳርፋል።

ብልሽት፦ እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በፀሐይ ይኮማተራል። ቫርኒሹ አብሮ መለጠጥ ሲያቅተው ይሰነጠቃል፤ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ይታፈናል፣ ሽፋኑም ይላጣል። ያኔ ሁሉንም ፍቆ ማንሣት ግድ ነው፣ አድካሚ ሥራ ነው። ዘይት ግን ይደበዝዛል እንጂ አይላጥም። የውሃ ጠብታ ቶሎ ከተመጠጠ የመቀቢያው ጊዜ ደርሷል።

አደጋ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት።

ዝናብ ለሚመታውና ለሚረገጠው ወለል ዘይት፤ ጣራ ላለው በረንዳ፣ ለእጅ መደገፊያና ለጠረጴዛ ቫርኒሽ።